የላንድሮቨር መብራት ለምን ይፈዛል?

የአሮጌ ላንድሮቨር ፒካፕ መብራት ሲፈዝ አምፖል አታስገዙ፤ መጀመሪያ ታሪኩን እዩ እላችሁ ነበር። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነው፤ ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ ሻንሲውን ከብረት፣ አብዛኛውን ቦዲ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። የመብራቱ መመለሻ ሽቦ ደግሞ ራሱ ቦዲውና ሻንሲው ነው! ሁለቱ በሚገናኙበት እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል። ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ከተርገበገበ እሱን ጠርጥሩ። ከሻንሲው ጋር ከታሰረው የባትሪ ጫፍ ሽቦ ስባችሁ የመብራቱን ቤት ንኩ። ከደመቀ ብሎኑን ፍቱና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ታዲያ "ኔጌቲቭ ነው" ብላችሁ እንዳትገምቱ፤ የ1950ዎቹ ሞዴሎች ሻንሲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው።