የአጎቴ ቮልስና የሰፊ ጎማ ታሪክ

ጀዊ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ፣ ከግድግዳው ተደግፎ የቆመ ቁራጭ ቆርቆሮ አለ። ክንድ የማይሞላ፣ ጠርዙ የዛገ፣ ቀለሙ ግን እስከ ዛሬ ያልለቀቀ ነው። ከሟቹ አጎቴ ቮልስዋገን የፊት ፓራፋንጎ ላይ ተቆርጦ የወጣ ነው። ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች ቁራጭ ስል ነው፤ ከቆረጥሁ በኋላ ያነበብሁትን ሳልቆርጥ በፊት ባነበብሁት ኖሮ፣ ዛሬ ጓሮዬ ባዶ በሆነ ነበር።

አጎቴ መምህር ነበር። መኪናዋን በጂማ፣ በበደሌና በመቱ አሳልፎ፣ ጎሬን አልፎ፣ የቡሬን ቁልቁለት ወርዶ ጋምቤላ ያደረሳት በገዛ እጁ እየነዳ ነው። ሞተሯ 1200፣ ጉልበቷ 34 ፈረስ፣ ጎማዋ ደግሞ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይሰፋ ነበር። «ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት፤ ንጉሠ ነገሥቱን የጫነች ዘር ናት» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የዚያን ዕለት ታሪክ የተሸከመው ቀጭን ጎማ ነው።

በእኛ አገር መንኮራኩር ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲያደርስ፣ የጋምቤላ ሰው ዐይኑ የነበረው በባሮ ላይ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ውኃው በሚሞላበት በክረምት ወራት የሱዳን መርከቦች እየወጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና ይጭኑ ነበር። ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ያለውን አቀበት የሚወጣው በቅሎና የሰው ትከሻ ነው። ይህ መሬት መንኮራኩርን ሳያይ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ስለዚህም ለመንኮራኩር አይራራም። በበጋ እንደ ጡብ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። ከጀዊ እስከ ከተማው ያለው 18 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለአንድ የባንክ ጸሐፊ በየማለዳው የሚሰጥ ፈተና ነው።

እኔም ፈተናውን በሰፊ ጎማ ላልፍ ፈለግሁ። ምክንያቴ ግን መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና፣ ዐይኔም ጓጉቶ ነበር። በስልኬ ያየኋቸው የድሮ የስፖርት መኪኖች፣ ኋላቸው ሰፍቶ፣ ቸርኬያቸው አብርቶ፣ እንደ አንበሳ መሬት ነክሰው የቆሙት፣ ልቤን ወስደውት ነበር። የአጎቴ ቮልስ ደግሞ ለእነዚያ መኪኖች ባዳ አይደለችም። ቮልስን የነደፈው ፌርዲናንድ ፖርሸ ነው፤ ልጁ ፌሪ በ1948 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያዋ ግሙንድ ከተማ የመጀመሪያውን የፖርሸ የስፖርት መኪና፣ 356ን፣ ሲሠራ የተነሣው ከቮልስ ዕቃዎች ነበር። አንዷ የድኻ፣ አንደኛው የባለጠጋ ሆነው ተለያዩ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ታዲያ የዚያ ቤት ታሪክ ምን ይላል? የመጀመሪያዎቹ ቮልሶችም ሆኑ 356ቶቹ ቸርኬያቸው 16 ኢንች፣ ጎማቸው በ5.00 የሚለካ ቀጭን ነበር። ቮልስ በ1952፣ ፖርሸ ደግሞ በ1955 እ.ኤ.አ. ቸርኬውን ለወጡት። ወደ ትልቅ እንዳይመስልህ፣ አንባቢ ሆይ! ወደ 15 ኢንች አሳነሱት፤ ጎማውን ግን ወደ 5.60 አሰፉት። ማስፋትና ማተለቅ አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። እኔ ግን ሁለቱን ባንድ ላይ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የስፋት ዘመን ነው። ሚሸሊን በ1946 እ.ኤ.አ. የራዲያል ጎማን ፈጠራ አስመዘገበ፤ ጎማ እየሰፋ ጎኑ እንዲያጥር በር የከፈተው ይህ አሠራር ነው። ፖርሸ 911 በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲወለድ የቸርኬው ስፋት አራት ኢንች ተኩል ነበር። በ1973 ሞዴሉ ካሬራ አር ኤስ ግን የፊቱ 6፣ የኋላው 7 ኢንች ሆነ። ልብ ማለት የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው፤ ፋብሪካው ጎማውን ብቻ አላሰፋም። የኋላውን ፓራፋንጎ ዐብሮ አሰፋ፣ ሞላውን አጠነከረ፣ ሞተሩን አጎለበተ፣ የመኪናውን ክብደት ቀነሰ። ጎማው የመጨረሻው ቃል ነበር እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም።

ሌላው ምሳሌ የላምቦርጊኒው ካውንታሽ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ለገዢ መድረስ ሲጀምር 14 ኢንች ቸርኬና እንደ ዛሬው ሚዛን መጠነኛ የሚባል ጎማ ነበረው። ዋልተር ዎልፍ የተባለው የካናዳ ባለጠጋ ለራሱ ሰፊውን የፒሬሊ ፒ7 ጎማ አስገጠመ፤ ለጎማውም ሲባል ፓራፋንጎው ወደ ውጭ ተዘረጋ። ፋብሪካው ይህን አይቶ በ1978 ኤል ፒ 400 ኤስን አወጣ፤ የኋላ ጎማው ስፋት 345 ሚሊ ሜትር ነበር። ዓለም በሙሉ በየግድግዳው የሰቀለው ሥዕል ከዚህ የተወለደ ነው። በጥምዝ መንገድ ላይ መሬት አጥብቆ ያዘ፤ ነገር ግን ሰፊው ጎማና የተዘረጋው ፓራፋንጎ ነፋሱን ስለገጠሙት፣ በቀጥታ ጎዳና ከቀጭን ወንድሙ ይልቅ የሚዘገይ ሆነ። ያማረ ሁሉ አይሮጥም።

መሬቱስ ምን ይላል? የእንግሊዙ መኰንን ራልፍ ባኞልድ በሊቢያ በረሓ በፎርድ መኪኖቹ ሲጓዝ የተማረው፣ በአሸዋ ላይ የጎማን ነፋስ ቀንሶ መሬት የሚነካውን ማስፋት እንደሚያዋጣ ነው። አሸዋ ሥር የለውምና መንሳፈፍ ይሻላል። በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ውድድር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ውድድር በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ቮልስ ናት፤ ያውም በቀጭን ጎማዋ! በ1974 ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ በፖርሸ ካሬራ ሁለተኛ ሲወጣ፣ አንደኛ የሆነው ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በትንሿ ሚትሱቢሺ ላንሰር ነበር። ላዩ ጭቃ፣ ታቹ ጠንካራ በሆነ መንገድ፣ ሰፊ ጎማ ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ቀጭኑ ግን ጭቃውን ሰንጥቆ ወርዶ የሚረግጠውን ያገኛል። የጀዊ መንገድ ጠጠር ለብሶ ላዩ የሚላቁጥ ነውና፣ ዕጣው ከሳፋሪው እንጂ ከበረሓው አይደለም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያስገጠምሁት ጎማ ቁመቱ ከነበረው በአንድ አሥረኛ ያህል የሚበልጥ ነበር። የቮልስ አምስት ቡሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተተከለ ስለሆነ አዲሱ ቸርኬ አልገጥም አለ፤ በመካከል ማገናኛ ብረት ገባ፤ ብረቱም ጎማውን ወደ ውጭ ገፋው። መሪው ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ፋቀ፤ ፓራፋንጎው ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ዕዳው ተራ በተራ መጣ። የቮልስ ፍጥነት መለኪያ የሚዞረው ከፊት የግራ ጎማ ነውና፣ 60 ሲል እኔ 66 እሄድ ነበር። ጎማው በረዘመ መጠን የ34 ፈረስ ጉልበት በአንድ አሥረኛ ያህል ደከመ፤ ፍሬኑም እንዲሁ። ወደ ውጭ የተገፋው ጎማ እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ ኩሽኔታውን በላው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በቀጭኑ ጎማ ያለፍሁበት ቦታ ላይ በሰፊው ተንሸራትቼ ቦይ ገባሁ።

መኪናዋን ያወጣልኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘውና ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ጎማው ነው ጥፋቱ?» አልሁት።

«ጎማው ምን አደረገ፣ ልጄ? እግሩን ለወጥህ፤ ጉልበቱንና ወገቡን ግን አልጠየቅህም» አለኝ።

እኔ በሥራዬ ሰው ብድር ሲጠይቅ መክፈል መቻሉን ሳላጣራ ፊርማ አላኖርም። ለመኪናዬ ግን ሰፊ ጎማ ስበደርላት ከየት እንደምትከፍል አልጠየቅሁም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር።

ሰፊ ጎማ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ካሬራው ሰፍቶ ከበረ፤ የሰፋው ግን ሁለንተናው ነው። ማንም የድሮ መኪናውን ጎማ ሊለውጥ ቢያስብ፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከቀድሞው እንዳይርቅ፣ ቸርኬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ምን እንደሚነካ አስቀድሞ ይለካ። ከሁሉ በላይ፣ የሚቆረጥ ነገር ካለ አንድ ሌሊት ይደርበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ከእንግዲህ ምትክ የላቸውም። ቡሎን ተፈትቶ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ብረት ግን አይመለስም።

የአጎቴን አራት ቸርኬዎች የዶሮ ቤት ሥር አገኘኋቸው። አጥቤ፣ ቀለም ቀብቼ፣ በልካቸው ጎማ አልብሼ መለስኋቸው። ቮልሷ ዛሬም ከጀዊ ከተማ፣ ከከተማ ጀዊ ትመላለሳለች። ፓራፋንጎዋ ግን እንደ ተቆረጠ ነው። ቁራጩን ልበየድ ብዬ ሁለት ጊዜ ይዤው ወጥቼ፣ ሁለት ጊዜ መለስሁት። ምናልባት እዚያው ጓሮ ቆሞ ቢያስታውሰኝ ይሻላል።

መንገዱን ሳይጠይቅ ጫማውን ያሰፋ፣
ካሰበበት ሳይደርስ ጉልበቱን አጠፋ።