የጋሞ አባቶች ሣር፦ አንድ ምስል ሚም ሲሆን ምን ያተርፋል፣ ምን ያጎድላል?

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ስልክ የያዘ ሰው ሁለት ዓይነት ምስል ደርሶታል። አንደኛው ከቡራዩ የመጣ ነው፦ የተዘረፈ ቤት፣ ፌስታልና ፍራሽ ተሸክመው የሚሸሹ እናቶች፣ ከዚያም የባሰ፣ ለማንም መላክ ያልነበረበት። ሁለተኛው ከአርባ ምንጭ ነው፦ ጋቢና ኮት የለበሱ አዛውንቶች መንገድ ላይ ተንበርክከዋል፣ እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር አለ።

ሁለቱም አስደንግጠዋል። የመጀመሪያው ለምን እንዳስደነገጠ ማንም ይገባዋል። የሁለተኛው ግን ግራ ያጋባል። በዚያ ሳምንት ሬሳ ያየ ሰው ሣር የያዘ ሽማግሌ ሲያይ ምኑ ያስደነግጠዋል? ደግሞስ ያ ምስል ጽሑፍ እየተደረበበት፣ እየተሳለ፣ ፕሮፋይል እየሆነ አገሩን ያዳረሰው ለምንድን ነው?

እስቲ ከታሪኩ እንጀምር። ከአዲስ ዓመት ማግስት፣ በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለችው ቡራዩና በአካባቢዋ በጋሞና በሌሎች የደቡብ ተወላጆች ላይ ጥቃት ደረሰ። ፖሊስ መጀመሪያ ላይ ከ20 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተናገረ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቁጥሩን 58 አደረሰው። ሺዎች ተፈናቅለው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ዘመዱ የሞተበት አለ፣ ስልክ እየደወለ መልስ ያጣም አለ። ከመሀላቸው ከተማው ውስጥ ወደሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና ወደ ንብረታቸው ለመሄድ የተነሱ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ መንገዱ ላይ የተንበረከኩት ያኔ ነው። ወጣቶቹም ቆሙ።

ለመሆኑ ጋሞ ቡራዩ ምን ይሠራ ነበር? መልሱ የለበሳችሁት ነጠላ ላይ አለ። የጋሞ ደጋ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው። እንሰት ቤተሰብ ያቆያል እንጂ ለሁሉም ልጅ ማሳ አይሆንም። ስለዚህ ወንዶቹ ሽመና ተምረው ወደ ከተማ መሄድ ከጀመሩ ብዙ ትውልድ አልፏል። እንጦጦ ሥር ያለው ሽሮ ሜዳ በእነሱ እጅ የተሠራ ገበያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ አበቤ ግን ከዶኮም ይምጣ ከጨንቻ፣ ሸማኔውን ሁሉ በአንድ ቃል «ዶርዜ» አለው። ቃሉ የአንድ የጋሞ ማኅበረሰብ ስም መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ሸማውን ለዓመት በዓል እየለበሰ ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ የሚሳደብ አገር ነበርን። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ሣሩ። በጋሞ ደጋ የሕዝብ ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ በሚባል የመሰብሰቢያ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለችው ኦቾሎ ይህን ሸንጎ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አውጥቶበታል። ከምርቃት እስከ እርቅ ብዙ ነገር የሚያልፈው በእነዚህ አባቶች እጅ ነው፤ ሣሩም ከእጃቸው አይጠፋም። ሌላ አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ ጎሜ። የተከለከለ ነገር ሲደረግ ጎሜ ይሆናል፣ ጎሜ ደግሞ በበሽታ፣ በእህል መጥፋት፣ በከብት መሞት ይከፈላል። ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፖሊስን መግፋት ይቻላል፤ ይህን መግፋት ግን ገና ያልተወለደ ልጅህ ላይ ዕዳ መጻፍ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለጋሞ ልጅ ግልጽ ነው እንበል። ጎሜን ሰምቶ የማያውቀው የባሕር ዳር፣ የመቀሌ፣ የዋሽንግተን ኢትዮጵያዊ ለምን ደነገጠ?

«ሚም» የሚለውን ቃል ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶውኪንስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጂን ከአካል ወደ አካል እየተቀዳ እንደሚባዛ ሁሉ ዜማ፣ አባባል፣ ፋሽንም ከጭንቅላት ወደ ጭንቅላት እየተቀዳ ይባዛል። ቲክቶክ ላይ የምንስቅባቸው ነገሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው።

ይህን ሐሳብ አጥብቀው ከተቹት አንዱ ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ስፐርበር ወጣት ተመራማሪ ሳለ የመስክ ሥራውን የሠራው የት ይመስላችኋል? ዶርዜ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ የዝሆን ፊት የሚመስሉት ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶች ያሉበት መንደር። (ቱሪስት ሆናችሁ ሄዳችሁ ቆጮ በዳጣ በልታችሁ ሊሆን ይችላል።) ጊዜው እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነበር፤ ያኔ ኢንተርኔት የለም።

እዚያ ካገኛቸው ነገሮች አንዱን ያልጠቀሰ የአንትሮፖሎጂ መምህር ያለ አይመስለኝም። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ይጠብቃል ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ ከብት አይበላም ማለት ነው። ግን እኮ የዶርዜ ገበሬ ረቡዕና ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ከብቱን ይጠብቃል! ሰውየው ተሳስቷል? ይዋሻል? ስፐርበር ሁለቱንም አይልም። ነብር ይጾማል የሚለው ዕውቀት እና ነብር ከብት ይበላል የሚለው ዕውቀት ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጡበት ቦታ ይለያያል። የመጀመሪያው ምሳሌያዊ ነው፤ ሥራውም ስለ ነብር መረጃ መስጠት ሳይሆን ሌላ ነገር ማስታወስ፣ ማስተሳሰር፣ መቀስቀስ ነው።

ከዚህ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ምልክት እንደ መዝገበ ቃላት አይሠራም አለ። «ሣር ማለት ሰላም ማለት ነው» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነገሩን ጨርሷል ብሎ ያስባል እንጂ ገና አልጀመረም። ምልክት የተቆለፈ ትርጉም የለውም፤ የተመልካቹን ትዝታ ይቀሰቅሳል፣ ቀሪውን ተመልካቹ ራሱ ይሠራዋል። ሚም ላይ ያለው ተቃውሞም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ አይቀዳም፣ እንደገና ይገነባል። ራሳችሁ ሞክሩት። ወረቀት ላይ ዝም ብላችሁ መስመር ጫጭሩና ለጓደኛችሁ አሳይታችሁ ድገመው በሉት፣ እሱም ለሌላ ያሳይ። አምስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኗል። «ሰ» ፊደልን አሳዩ ግን፣ አምስተኛውም «ሰ» ይጽፋል፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ። ፊደሉ የተረፈው በጥንቃቄ ስለተቀዳ አይደለም። ሁሉም አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው።

የሣሩ ምስልም እንደ «ሰ» ነበር። አስቡት፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። ስንቱ ቤት ወለል ላይ ቄጠማው ገና አልደረቀም። ጎጃም ልጆች እንግጫ ነቅለው ጎንጉነው ነበር። በአማራ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ሲጠና፣ ሽማግሌ ሲወድቅ ያየ ወይም የሰማ አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያው ወር ቢሾፍቱ ኢሬቻ ነበር፣ ኦሮሞም እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃው ወረደ። የአርባ ምንጭ አባቶች በሣር የጠበቋቸው ጎረቤቶች ራሳቸው ሣር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሁሉም ምስሉን በራሱ የእጅ ጽሑፍ ጻፈው።

ሣሩ ብቻውን ግን ያን ያህል አይጓዝም ነበር። ድንጋጤውን የፈጠረው መገለባበጡ ነው። በእኛ አገር ልጅ ነው አባቱ እግር ላይ የሚወድቀው። አባት ልጁ ፊት ሲንበረከክ ሥርዓቱ ቁልቁል ተደፋ ማለት ነው፣ ሽማግሌዎቹም ይህን አውቀው ነው የተጠቀሙበት። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1977 የጭካኔ ፎቶ ሲደጋገም ያደነዝዛል ብላ ጽፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሐሳቧን ራሷ ተጠራጠረችው። ማን ልክ እንደሆነ አልፈርድም። የዚያ ሳምንት የቡራዩ ምስሎች ግን እኔን ሲያደነዝዙኝ ይታወቀኛል፣ ጣቴ በፍጥነት ነበር የሚያልፋቸው። የአርባ ምንጩ ላይ ቆመ።

እዚህ ጋ ብናበቃ ጥሩ ተረት ይወጣናል። የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አንድ የመጽሔት ሽፋን ጽፎ ነበር፦ የፈረንሳይ ወታደር ልብስ የለበሰ ጥቁር ልጅ ሰላምታ ይሰጣል። ምስሉ «ፈረንሳይ ታላቅ ናት፣ ልጆቿ ሁሉ በታማኝነት ያገለግሏታል» ይላል። ልጁ ማን ነው? ከየት መጣ? ቅኝ ግዛቱስ? ይህ ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል። ባርት ይህን ሚት ይለዋል፤ ታሪክን አውጥቶ በቦታው «ነገሩ እንዲሁ ነው» የሚል ስሜት የሚያስቀምጥ ንግግር።

የጋሞ አባቶች ምስልም ይህ ደርሶበታል። በሳምንት ውስጥ «ዶርዜ» የሚለው የድሮ ቀልድና ስድብ ተረስቶ «ሰላም ወዳዱ ጋሞ» ተተካ። ማን ይጠላል? ስድብ ሲቀር ደስ ይላል። ግን ሁለቱም አንድ ሕዝብን በአንድ ቃል የሚጨርሱ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው፤ ለተበደለው «አንተ እኮ ታጋሽ ነህ» ማለት ብዙ ጊዜ «ስለዚህ አትጠይቅ» ወደ ማለት ይሄዳል። ምስሉ በተሰራጨ ቁጥር ከፎቶው ውጭ የቀረው እየራቀ ሄደ፦ የሟቾቹ ቤተሰቦች፣ የተዘረፈው የሸማ ዕቃ፣ ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ጥያቄ። ሽማግሌዎቹ የለመኑት በቀሉ እንዲቀር ነው። ፍርዱ ይቅር ብለው መንበርከካቸውን የሚያሳይ ነገር ምስሉ ላይ የለም፤ እሱን የጨመርነው እኛ ነን።

ሌላም ከፎቶው የቀረ አለ። በብዛት በተሰራጨው ምስል ጎልተው የሚታዩት አዛውንቶቹ ናቸው። ከፊታቸው የቆሙት ወጣቶች ግን፣ ዘመዶቻቸው የሞቱባቸው፣ ደማቸው የፈላ፣ ብዙ ሆነው ሳለ በሣር ፊት የቆሙት፣ ሚሙ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ልመና የሚሠራው ሰሚ ሲኖር ነው፤ ጎሜን የሚያውቅ፣ ዱቡሻ ሲባል ምን እንደሆነ የገባው፣ ስማርት ስልኩን ኪሱ ያደረገ የከተማ ልጅ። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰቡ ቢጻፍ ከአዛውንቶቹ ታሪክ የማይተናነስ ነገር ይገኛል። ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ሠላሳዎቹ የሚጠጉ ወይም የገቡ ናቸው፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ የጠፋበት ተማሪ ካለ፣ ሲቀላ ወይም ሴቻ ወርዶ ማኪያቶ አዝዞ መጠየቅ ይችላል።