ፈጥኖ የሚጣል ማስጠሚያ

ጠላቂ ዋናተኛ ውኃ ውስጥ የሚገባው እርሳስ ታጥቆ ነው። ሳንባው አየር ይዟል፤ ከብርድ የሚጠብቀው የላስቲክ ልብስም ጥቃቅን የጋዝ አረፋ የሞላበት ስለሆነ፣ ክብደት ካልታከለበት ውኃው አንሳፍፎ ይመልሰዋል። ችግሩ ያ ክብደት ሥራው ካለቀ፣ አየር ካጠረ ወይም ሰውየው ከደከመ በኋላም ወደ ታች መጎተቱን አለማቆሙ ነው። ስለዚህ እርሳሱ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጉተታ ከሰውነት ተላቆ እንዲወድቅ ተደርጎ ይሠራል። ይህን አሠራር እንግሊዝኛው «ኩዊክ ሪሊዝ» ይለዋል። በአማርኛ «ፈጥኖ የሚጣል ማስጠሚያ» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። «ፈጣን ልቀት» አያስኬድም፤ ልቀት ዛሬ በጆሯችን የፋብሪካ ጭስና የካርቦን ነገር ሆኗል። «ፈጣን መፍቻ»ም የጋራዡን የብሎን መፍቻ ያስታውሳል። «ማስጠሚያ» እርሳሱ ምን እንደሚሠራ ይናገራል፣ «የሚጣል» ደግሞ በጭንቅ ሰዓት ምን እንደሚደረግበት። የጠላቂውን የአየር ሲሊንደርና የማንሳፈፊያ ጃኬት ስም እንዳለ እንደወሰድን ይህንንም እንዳለ እንውሰደው የሚል ይኖራል። ሲሊንደር ግን የዕቃ ስም ብቻ ነው፤ ይኼኛው በድንጋጤ መካከል የሚፈጸም ድርጊት ነው። ባልንጀራው «ጣለው!» ብሎ ሲጮህበት የሚጣለው ምን እንደሆነ መጠየቅ የሌለበት ሰው ነው በሕይወት የሚወጣው።

ቃሉ ለወሎ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ምን ያደርግለታል? ባሕር ሩቅ ነው፤ ውኃ ግን ቅርብ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሎጎ ሐይቅ አለ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት። ጥልቀቱ 88 ሜትር ያህል ይደርሳል። አርዲቦም ከጎኑ ነው። በአገራችን ጠላቂ ዋናተኛ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሰው በውኃ ሲወሰድ ነው፤ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ዋናተኞች የሰጠሙ ሰዎችን አስከሬን አወጡ ተብሎ በዜና ሲነገር ብዙዎቻችን ሰምተናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው፤ ሐይቁን የሚያጠና ሰውም አንድ ቀን ከጀልባ ወርዶ ከታች ማየት ይፈልጋል። ትጥቁ ከመገዛቱ በፊት የትኛው ማስጠሚያ እንደሚበጅ ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ለባሕር የተጻፈ መመሪያ ለሎጎ ሐይቅ እንዳለ የማይሠራ መሆኑ ነው። የባሕር ውኃ ጨው ከሌለው ውኃ 2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ከነትጥቁ 100 ኪሎ የሚመዝን፣ ባሕር ውስጥ ሳይሰጥምም ሳይንሳፈፍም የሚቆም ሰው ሐይቁ ላይ ያንኑ እርሳስ ቢታጠቅ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ትርፍ ይዞ ይሰጥማል። ከፍታውም አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በገጹ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ላይ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው 10 ሜትር ሲወረድ ነው፤ እዚህ ግን 8 ሜትር አለፍ ሲባል እጥፍ ይሆናል። ግፊት ሲጨምር የላስቲኩ ልብስ ይጨመቃል፤ በተጨመቀ ቁጥርም የማንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል። ገጹ ላይ ልክ የነበረ እርሳስ ታች ሲደረስ ከልክ በላይ ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ለውጥ በደጋ ሐይቅ ፈጥኖ ይመጣል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየርም ክብደት አለው፦ 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 3 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይይዛል። ጠላቂው ይህን ሁሉ ሲገባ ተሸክሞት ይገባል፤ አደጋ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ከመጣ የሚጥለው እርሳስ ይህንንም የሚያካክስ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ዘመናዊ ጠላቂ ከሲሊንደሩ አየር የሚነፋ የማንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ሳለ እርሳስ መጣል ለምን ያስፈልገዋል? ጃኬቱ በአብዛኛው ቀን በቂ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሚነፋው ከዚያው ከሚተነፍስበት ሲሊንደር ነው፤ አየሩ ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። በአፍ ይነፋል ቢባል፣ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ትንፋሽህን ስጥ ማለት ነው። እርሳስ መጣል ጋዝም ትንፋሽም አይጠይቅም፤ አንድ እጅ ይበቃዋል። ስለ ጠላቂዎች አሟሟት በተለያዩ አገሮች የተያዙ መዛግብት ደጋግመው የሚያሳዩት አሳዛኝ ነገርም ይህንኑ ያጠናክራል፦ ብዙዎቹ የተገኙት እርሳሳቸውን እንደታጠቁ ነው። ዘለበቱ ሊፈታ ይችል ነበር፤ እጃቸው ግን አልለመደው ይሆናል።

ሁለተኛውን ተቃውሞ ግን በከፊል እቀበለዋለሁ። ሁሉንም እርሳስ በአንድ ጊዜ የጣለ ሰው እንደ ቡሽ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ሲቀንስ ተስፋፍቶ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል፣ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅንም አረፋ ይሆናል። መንሳፈፍ ያለቦታው ሲመጣ እንደሚገድል ኢትዮጵያውያን በመራራ መንገድ አውቀናል፦ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 767 አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ የአደጋ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ መንገደኞች ውኃው ሲገባ ከጣራው ጋር ተጣብቀው መውጣት አቅቷቸዋል። ወሎ ላይ ደግሞ የመሬቱ አቀማመጥ ነገሩን ያብሰዋል። ሐይቁ ላይ የተጎዳ ሰው ወደ ደሴ ሲወሰድ 2,500 ሜትር ወደሚጠጋ ከፍታ ይወጣል፤ ወደ አዲስ አበባ ከቀጠለ ከዚያም ከፍ ያለውን ጣርማ በርን ይሻገራል። በደም ውስጥ ያለ አረፋ ከፍታ ሲጨምር ይሰፋል፤ በሽተኛውን ወደ ሕክምና የሚያደርሰው መንገድ ሕመሙን ያባብስበታል። ስለዚህ መልሱ እርሳሱን ለሁለት መክፈል ነው እንጂ መጣልን መተው አይደለም። ለምሳሌ 8 ኪሎ ለሚያስፈልገው ሰው ግማሹ ያህል የሚጣል ይሁን፤ ቀሪው በሲሊንደሩ ማሰሪያ ላይ ቋሚ ማስጠሚያ ሆኖ ይቅር። ያኔ መጣሉ ይንሳፈፍ ዘንድ ይበቃዋል፣ አያስወነጭፈውም።

የሚጣለው ክፍል በምን ይያዝ ለሚለው፣ ገበያው ላይ በዋናነት ሁለት ምርጫ አለ፦ ዘለበት ያለው ቀበቶና ከጃኬቱ ጎን በእጀታ ተስቦ የሚወጣ ኪስ። ኪሱ ወገብ አያሳምምም፤ ግን የእያንዳንዱ ሠሪ እጀታ የየራሱ ቅርጽና አቅጣጫ አለው። ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ትጥቅ ለሚጠቀም የነፍስ አድን ቡድን ይህ ክፉ ነው፤ ባልንጀራህን ለማዳን ስትደርስ ኪሱ በየት በኩል እንደሚሳብ መፈለግ ትጀምራለህ። እኔ ቀበቶውን እመርጣለሁ። የትኛውም ጃኬት ላይ ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀላል፣ ዘለበቱ በቀኝ እጅ እንዲከፈት ተደርጎ መታጠቁም የተለመደ ሥርዓት ነው። ልብሱ ታች ሲጨመቅ ቀበቶው ላላ ብሎ ይዞራል የሚባለው ትክክል ነው፤ ስለዚህ የሚለጠጥ የጎማ ቀበቶ ከሸራው ይሻላል። ቆዳ ግን አይሁን፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ዘለበቱም ይነክሰዋል። ቀበቶው ከሁሉም ትጥቅ በላይ፣ በመጨረሻ ይታጠቅ፤ ከስር የገባ ቀበቶ ዘለበቱ ቢከፈትም አይወድቅም። ሐይቁ የዓሣ አጥማጆች መረብ ያለበት መሆኑም አይዘንጋ፦ የተንጠለጠለ ትርፍ ጫፍ መረብ ይይዘዋል።

የወደቀ እርሳስ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ኪሳራ ነው የሚባለው ቀላሉ ተቃውሞ ነው፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ኮምቦልቻ ላይ ብረት የሚያቀልጥ ሠራተኛ ሊተካው ይችላል፤ ጢሱ መርዛማ ስለሆነ ክፍት ቦታ ላይ፣ በጥንቃቄ። የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ዘለበቱን ሊፈትነው ይችላል፦ በጓንት፣ በጭቃ ተለቅልቆ፣ እጅ በብርድ ደንዝዞ። ጠላቂው ራሱ ዳር ላይ ሲሊንደሩ 50 ባር ሲቀረው፣ ጃኬቱን አራግፎ፣ ትንፋሹን በልኩ ይዞ ይቁም፤ ውኃው ዓይኑ ጋ ከደረሰ እርሳሱ ልክ ነው። ከዚያም እግሩ መሬት በሚነካበት ጥልቀት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዘለበቱን ፈትቶ ቀበቶውን ከሰውነቱ አርቆ ይጣል፤ እጁ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ይደጋግመው።