በጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ሥር፦ የሟች ክብርና የታሪክ ምርምር

ከዲላ በስተደቡብ በወናጎ በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ ቱቱ ፈላ የተባለው የትክል ድንጋይ ስፍራ ይገኛል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሮዤ ዡሶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባካሄደው ቁፋሮ ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች ተገኝተዋል። ቀደምቶቹ ድንጋዮች በወንድ ኀፍረተ ሥጋ አምሳል የተጠረቡ ሲሆኑ፣ የሰው መልክ ያላቸው ኋላ የመጡ ናቸው፤ ከቀደምቶቹም አንዳንዶቹ ዳግመኛ ተጠርበው ፊት ወጥቶላቸዋል። በዚያው ዞን በሳካሮ ሶዶ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ የትክል ድንጋዮቹን ዘመን እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን ያደርሰዋል፤ ይህም ከሂጅራ ከ500 ዓመት በላይ የቀደመ ነው።

ድንጋዩ ስለ ቀባሪዎቹ ብዙ ይነግረናል፤ ሟቹ እንዴት እንደ ኖረ የምናውቀው ግን ከአጽሙ ነው። የዳሌ አጥንት ፆታን፣ የጥርስ አበቃቀል የልጅን ዕድሜ ያሳያል። በጥርስ ገለፈት ላይ የሚታይ አግድም መስመር በልጅነት የደረሰ ረኀብ ወይም ሕመም ምልክት ነው። እንሰት የበላና ማሽላ ወይም ጤፍ የበላ ሰው በአጥንታቸው ውስጥ ያለው የካርቦን ዓይነት ምጣኔ ስለሚለያይ፣ ለእንሰት አገር ለጌዴኦ ይህ ትልቅ ምስክር ነው። እርጥብና አሲዳማ አፈር አጥንትን ቢበላም ጥርስ ይበልጥ ይጸናል።

በመድረሳ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ አጽሙን መንካት ይፈቀዳልን? ጉዳዩ የሌሎችን ሙታን ብቻ አይመለከትም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድና የሙስሊሞች መቃብር ተቆፍረዋል፤ የአገራችን ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ በቀኝ ጎኑ የተጋደመ፣ ራሱ በምሥራቅ፣ ፊቱ በሰሜን የሆነ አጽም በራሱ የታሪክ ሰነድ ነው።

የሟች አጥንት እንደ ሕያው አጥንት የተከበረ መሆኑን የሚያስረዳ ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ፉቀሃእም ያለ አስገዳጅ ምክንያት ቀብር መክፈትን ከልክለዋል፤ አካሉ አፈር ከሆነ በኋላ ግን ብዙዎቹ በቦታው መጠቀምን ፈቅደዋል። «እነዚያ የጃሂሊያ ሰዎች ናቸው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ አለ። ደካማ መልስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ መቆማቸው በቡኻሪና በሙስሊም የጸና ነው።

በእኔ ሚዛን፣ ለዕውቀት ተብሎ በባለሙያ እጅ፣ በልክና በመዝገብ የሚደረግ ቁፋሮ መንገድ አለው። ለቤት መሠረት ድንጋይ የሚነቅል ወይም ሀብት ፍለጋ የሚቆፍር ግን ምንም ማስረጃ የለውም። አጽሙም ከተጠና በኋላ ወደ መሬቱ ይመለስ፤ በመስታወት ውስጥ ለጎብኚ ማሳየት ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው።