ዘግይተው የተሾሙ መኮንኖች፦ ከካርቱም እስከ ቡሬ

ከቡሬ ተነስቶ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሰው ማንኩሳን ሳያልፍ አይደርስም። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ በሚኒባስ መስኮት አይተነዋል፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ወስዶን ነው ያለፍነው። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ ግን በዚህ መንገድ ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አልነበረም። የጣሊያን ጦር ቡሬና ማንኩሳ ላይ መሽጎ ተቀምጧል። ከሱዳን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ትንሽ ጦር ደግሞ በሌሊት እየተጠጋ ይተኩስበታል።

ዛሬ ስለዚያ ጦር የምጽፈው ስለ ውጊያው ስል ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው «እኛማ አልፎብናል» የሚሉ ወንድሞች በዝተዋል። ይህን ጦር የመሩትን ሰዎች ዕድሜ ስመለከት እነሱ ትዝ ይሉኛል። ነገር ግን ታሪኩ ከዚያም ያለፈ ጉዳይ አለው። ዘግይቶ መኮንን የሆነ ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አልዘገየም።

ከዳንኤል ሳንድፎርድ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1882 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ተዋግቶ ሜዳልያ ተሸልሟል፤ ከዚያ የጦር ልብሱን አውልቆ ወደ አገራችን መጣና ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሙሉ በተባለ ቦታ እርሻ ያዘ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ገበሬ ነበር። አማርኛ ለመደ፣ ከመኳንንቱም ከባላገሩም ጋር ተዋወቀ፣ ልጆች አሳደገ። ጣሊያን ሲገባ ከነቤተሰቡ አገሩን ለቆ ወጣ። በወታደርነት የሚፈልገው ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ጦርነቱ ሲቃረብ የመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ወደ ካይሮ አስጠራው። ጎጃም ውስጥ ያሉትን አርበኞች የሚያውቅ፣ ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ቢቆጡ ምን እንዳስቆጣቸው የሚገባው ሰው ነበር የጎደለው። ካርታ አንባቢ ወጣት መኮንንማ ሞልቷል። ሳንድፎርድ እንደገና የኮሎኔል ማዕረግ ለብሶ «ሚሽን 101» የሚባለውን ቡድን ይዞ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ድንበር ተሻገረ። ዕድሜው 58 ነበር። ወሩን ልብ በሉ፤ ነሐሴ ነው። በክረምት ጭቃ፣ ጣሊያን እየፈለገው፣ በእግርና በበቅሎ ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ። አብረውት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው፤ በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት።

ሳንድፎርድ ጎጃም ሲደርስ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ጥይት የሚተኮስበት አልነበረም፤ ሽምግልና ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም ጣሊያንን የሚወጉ የአካባቢው ታላላቅ አርበኞች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን ተቀናቃኞች ነበሩ። እነዚህን አቀራርቦ ማስማማት የመድፍ ትምህርት ቤት የማያስተምረው ሙያ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተቃየመ፣ ማን ማንን ቀድሞ ሰላም ማለት እንዳለበት ማወቅ ይፈልጋል። ጎጃም ውስጥ እርቅ ያየ ሰው ይህ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያውቀዋል። ሳንድፎርድ ያን ዕውቀት ያገኘው በጦር ሰፈር ሳይሆን በእርሻው ነው። ከእሱ በሃያ ዓመት የሚያንሰው ኦርድ ዊንጌት በኋላ የውጊያው አዛዥ ሆኖ ሲመጣ ሁለቱ ብዙ አልተስማሙም። ሳንድፎርድ መሣሪያውን ለአርበኞች በሰፊው እናድል ይላል፤ ዊንጌት በጥቂት የሠለጠኑ ሰዎች እንዋጋ ይላል። በኔ አስተያየት ዊንጌት ወደ ቡሬ የመጣበት መንገድ የተጠረገው በሳንድፎርድ ሽምግልና ነው፤ ዝናው ግን በአብዛኛው ለዊንጌት ሄዷል።

ሁለተኛው ሰው አርኖልድ ዊንሆልት ይባላል፣ አውስትራሊያዊ። በወጣትነቱ የቦር ጦርነት ላይ ነበር፣ በአገሩ የፓርላማ አባል ሆኗል፣ አፍሪካ ውስጥ አንበሳ ሲያድን ቆስሏል፣ በ1928ቱ ጦርነት ጊዜም ከቀይ መስቀል ጋር ኢትዮጵያ መጥቷል። 62 ዓመቱ ላይ እንደገና ወታደር ልሁን ብሎ መጣና በዝቅተኛ የመኮንንነት ማዕረግ ከሚሽን 101 ጋር ተቀጠረ። በ1933 ዓ.ም. መባቻ ላይ በጥቂት ሰዎችና በአህዮች የሳንድፎርድን ቡድን ሊከተል ተነሳ። ድንበሩን አልፎ ብዙም ሳይሄድ ደፈጣ ገጠመው፣ እዚያው ተገደለ። ጎጃምን አላየም። የሱን ታሪክ ሳያነሱ የሳንድፎርድን ብቻ ማውራት ማታለል ይሆንብኛል።

ሦስተኛው ሂው ቡስቴድ ነው። ከባሕር ኃይል ጠፍቶ እግረኛ ጦር የገባ፣ የሱዳንን የግመል ጦር ያዘዘ፣ ከዚያ ውትድርናውን ትቶ ዳርፉር ውስጥ የአውራጃ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ነው። በ1932 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ የአስተዳዳሪነት ወንበሩን ትቶ «ፍሮንቲየር ባታሊዮን» የሚባለውን ሻለቃ ጦር እንዲያቋቁም ተመለሰ። ቡሬ ሲደርስ 45 ዓመቱ ነበር። እሱም እንደ ሳንድፎርድ ያመጣው ነገር አለው፦ አረብኛና ከሱዳን ወታደር ጋር የኖረበት ዕድሜ።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና የሻለቃ ጦሩን ሰዎች እንመልከት። ሱዳናውያን ናቸው፣ ሙስሊሞች። ንጉሠ ነገሥቱን አስገብቶ ቡሬን የከበበው የ«ጌዴዎን ኃይል» ዋና ክንድ እነሱና ከስደተኞች የተቋቋመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ነበሩ። የጦሩ ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ ምሽጉ ሥር ተንበርክኮ ከሚተኩሰው ግን ብዙው የጁሙዓ ሰጋጅ ነበር።

የሱዳን መከላከያ ጦር ማዕረጎች የቱርክ ስሞች ነበሩ። ኦምባሺ ማለት የአሥር ራስ ማለት ነው፤ የኛው አሥር አለቃ። ዩዝባሺ የመቶ ራስ ነው፤ በቃል በቃል መቶ አለቃ፣ በደረጃ ግን ሻምበል። ቢምባሺ ደግሞ የሺህ ራስ፤ የኛው ሻለቃ፣ ማለትም ሺህ አለቃ። ስሙ ይህን ያህል ሲቀራረብ ድንበሩ ሰፊ አይመስልም። በነገራችን ላይ በየገጠሩ «ባሻ» እየተባሉ የሚጠሩት አባቶች ማዕረግም ከዚያው ከቱርክ ወገን የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ1924 ካርቱም ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ተቃውሞ ተነሳ። ከመሪዎቹ አንዱ መኮንኑ ዓሊ ዓብዱልለጢፍ ነበር፤ የጦር ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችም ሰልፍ ወጡ፤ በኅዳር ወር ሱዳናውያን ወታደሮች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተታኮሱ፣ መኮንኑ ዓብዱልፈዲል አልማዝም እዚያው ተገደለ። እንግሊዝ የተማረ ሱዳናዊ መኮንን አደገኛ ነው አለች። የካርቱም የጦር ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እስከ 1935 እ.ኤ.አ.ም እንደተዘጋ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሱዳናዊ መኮንን መሆን ቢፈልግ በተራ ወታደርነት ገብቶ፣ ኦምባሺ ሆኖ፣ ሻውሽ ሆኖ፣ ዓመታት አገልግሎ፣ ጠጉሩ ሊሸብት ሲል ነው ኮከብ የሚያየው። ያም ሆኖ ከእንግሊዝ የሚመጣ መኮንን፣ በአገሩ መቶ አለቃ ቢሆንም፣ ሱዳን ሲደርስ ቢምባሺ ይባላል። አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ጎጃም በዘመተ ጊዜ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፣ ቢምባሺ ነው። በረሃ ያረጀው ዩዝባሺ ለሠላሳ ዓመቱ ቢምባሺ እጁን ያነሳል።

ሳንድፎርድና ቡስቴድ ዘግይተው የተመለሱት መርጠው ነው። ሱዳናዊው መኮንን የዘገየው በሩ ስለተዘጋበት ነው። ሁለቱም ቡሬ ፊት ለፊት አንድ ቦይ ውስጥ ተኙ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ የግመል መቃብር ነበር። ወደ 15,000 ግመል ተሰማርቶ አብዛኛው ብርድና ዳገት ገደለው። የካቲት 20 ገደማ ቡሬ ላይ ውጊያው ተጀመረ። ኮሎኔል ናታሌ በሺዎች የሚቆጠር ጦር፣ መድፍና ምሽግ ይዟል። ከቡሬና ከማንኩሳ ፊት ለፊት ያለው የጌዴዎን ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በየሌሊቱ ከተለያየ አቅጣጫ እየተኮሰ ይጠፋል፤ ቀን ላይ በድምፅ ማጉያ የጣሊያንን ቅጥር ወታደሮች «ከድታችሁ ኑ» ይላል። ናታሌ ትልቅ ጦር የከበበው መሰለው። የካቲት 25 ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሸሸ። የካቲት 27 ደምበጫ አጠገብ መንገዱ ላይ የጠበቀው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ነበር፤ ያ ሁሉ የሸሸ ሠራዊት በአንድ ጊዜ መጣበትና ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ይህን ጀግንነት ከሱዳኖቹ ጋር አብሮ የማያነሳ ታሪክ ጎደሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ቡስቴድ ሱዳኖቹን ይዞ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባሉት ምሽጎች ላይ የሌሊት ሥራውን ቀጠለ። በጨለማ በእጅ ቦንብና በሳንጃ ይገባሉ፣ ሳይነጋ ይወጣሉ። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ።

ሳንድፎርድ ወደ ሙሉ እርሻው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1972 በ89 ዓመቱ ያረፈውም እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ባለቤቱ የመሠረተችው ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ ሳንድፎርድ እየተባለ ይጠራል፤ በዊንጌት ስም የተሰየመውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቡስቴድ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። ከተራ ወታደርነት ተነስቶ፣ አሥራ አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ቡሬ ምሽግ ሥር የደረሰውን ዩዝባሺ ስም የሚነግረኝ ሰው ግን ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም እስካሁን አላገኘሁም።