የሜፕልና የዋልነት መክተፊያ

በሰሜን አሜሪካ አናጺዎች ዘንድ የተለመደው ይህ መክተፊያ ከሁለት ጠንካራ እንጨቶች ይሠራል፤ ነጣ ያለው ሜፕል፣ ጠቆር ያለው ዋልነት ነው። ቀለሙ ቅብ ሳይሆን የእንጨቱ የራሱ ነው። በያንካ የጥንካሬ መለኪያ ሜፕል ወደ 1450፣ ዋልነት ወደ 1010 ፓውንድ ኃይል ይመዘገባሉ።

ጠባብ ጣውላዎች እየተፈራረቁ ይደረደሩና ውኃ በማያላቅቀው ኮላ ይጣበቃሉ። ኮላው ሲደርቅ ገበታው ወደ ጎን ይቆራረጣል። ቁራጮቹ የተቆረጠው ጫፋቸው ወደ ላይ እንዲያይ ይገለበጣሉ፤ አንዱ እየተዘለለ ይዞርና ሁሉም ዳግም ይጣበቃሉ። የዳማ መልክ ያለው ገጽ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለውበት ብቻ አይደለም። ቃጫዎቹ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ስለቱ በመካከላቸው ይገባል፤ ቢላው ቶሎ አይዶለድምም፣ ገጹም ቶሎ አይቦጫጨርም። ቀረብ ብሎ ላየው በዋልነቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ያሳለፈባቸው ቧንቧዎች ናቸው። በሜፕሉ ላይ ያሉት ግን እጅግ ስለሚያንሱ በዓይን አይለዩም ማለት ይቻላል።

እርጥበት በእነዚሁ ቀዳዳዎች ስለሚገባ ገጹ ለምግብ ዕቃ የሚሆን የማዕድን ዘይት ይጠጣል፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይሸታል። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ መክተፊያ ያብጣል፤ ሲደርቅም ሊሰነጠቅ ይችላል።