መድኃኒት የተላመዱ እከክ፣ ቅማልና መዥገር፦ በሰውና በእንስሳት ላይ እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

“እከክ” የሚለው ቃል በሐኪም ቤትም በቆዳ ፋብሪካም ይሰማል። ለሐኪሙ፣ በዓይን የማይታይ ተባይ የሰው ቆዳ ውስጥ ቦርቡሮ በመግባት የሚያመጣው በሽታ ነው። ለቆዳ ፋብሪካው ደግሞ ቅማልና ክንፍ አልባው የበግ ዝንብ ሌጦ ላይ የሚተዉት ነጠብጣብ ነው፤ ጉድለቱ ፀጉሩ ከተነሣ በኋላ ስለሚወጣ ገዢውን ሳያስበው ያከስራል።

እነዚህንና የከብት መዥገርን ለማጥፋት የሚያገለግሉት የመድኃኒት ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። ተባዮቹም እየተላመዷቸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከብቶችን አርሴኒክ ባለበት ገንዳ መንከር የተለመደ በነበረበት ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አርሴኒክ የማይገድላቸው መዥገሮች ታዩ። ከዚያ የመጡት ዲዲቲና ተከታዮቹም በየተራቸው ያው ዕጣ ገጠማቸው። መድኃኒቱ ተባዩን አይለውጠውም፤ በተፈጥሮ የሚቋቋሙትን ጥቂቶች ትቶ ሌላውን ይገድላል። የቀሩት ይራባሉ። ለምሳሌ ፐርሜትሪን የተባዩን የነርቭ ሥርዓት በማወክ ነው የሚገድለው፤ በነርቩ ላይ የሚፈጠር አነስተኛ የዘረ መል ለውጥ ይህን ያከሽፋል። ለውጡ በራስ ቅማል፣ በመዥገርና በቅርብ ዓመታት ደግሞ በእከክ ተባይ ላይ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በማንኛውም ወቅት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እከክ እንደሚኖርባቸው ይገምታል። እአአ በ2015 እና በ2016 ድርቅ በመታቸው የአማራ ክልል አካባቢዎች በሽታው በስፋት ተዛምቶ ነበር። የድሃ አገር በሽታ ብቻ ግን አይደለም። የጀርመን፣ የኦስትሪያና የጣሊያን ሐኪሞች በፐርሜትሪን ቅባት የማይድኑ ታካሚዎች እንደገጠሟቸው ዘግበዋል።

ይሁንና “መድኃኒቱ አልሠራም” የተባለው ሁሉ መላመድ አይደለም። 5 በመቶው የፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ የጣቶች መካከል፣ የጥፍር ሥርና የብልት አካባቢ ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት መቆየት አለበት። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም ይኖርባቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያው ያስተላልፋል። በስደት አንድ ክፍል ለሚጋሩ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። በሽታው እንደ ነውር ስለሚቆጠር አንዱ ተደብቆ ይታከማል፣ ከክፍል ጓደኛው መልሶ ይያዛል፣ ቅባቱንም ይወቅሳል። ተባዩ ከሞተ በኋላም ማሳከኩ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ቅባቱን ደጋግሞ መቀባት ጥቅም የለውም።

ቅባቱ በእርግጥ ካልሠራ ሐኪም የኢቨርሜክቲን እንክብል ሊያዝ ይችላል። መጠኑ በኪሎ ይሰላል፤ እንቁላሉን ስለማይገድል ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። ለነፍሰ ጡሮችና ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት በተለምዶ አይታዘዝም። ለከብት የተዘጋጀውን መርፌ ለሰው መጠቀም አደገኛ ነው። ለራስ ቅማል ደግሞ በመርዝነት ሳይሆን ቅማሉን ሸፍኖ በማፈን የሚገድለው ዳይሜቲኮን አለ፤ እንዲህ ያለውን መላመድ ለተባዩ ይከብደዋል።

በእንስሳት ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ክብደትን በዓይን መገመት ነው። 1 በመቶ የሆነው የኢቨርሜክቲን መርፌ ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። 300 ኪሎ የሚመዝነውን በሬ 200 ነው ብሎ 4 ሚሊ ሊትር የወጋ አርቢ፣ ጠንካሮቹን ተባዮች መርጦ አስቀርቷል። የሚረጨውን መድኃኒት ለመቆጠብ ውሃ ማብዛትም ያው ነው። መድኃኒት ለመቀየር የንግድ ስሙን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ አሚትራዝ ግን ከሌላ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የእከክ ተባይና ቅማል ኑሯቸው እንስሳው ላይ ስለሆነ መንጋው በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። የመዥገር ግን አብዛኛው ሣር ውስጥ ነው ያለው። ከብቱን ሁሉ በየሳምንቱ መርጨት የሚቋቋሙት ብቻ እንዲራቡ መንገድ ይከፍታል፤ ሣር ውስጥ የቀሩት መድኃኒት ያልነካቸው መዥገሮች ከእነርሱ ጋር ሲዳቀሉ መላመዱን ያዘገዩታል። ስለዚህ መዥገር የበዛባቸውን እንስሳት ለይቶ ማከም፣ የግጦሽ መሬት ማፈራረቅና መዥገርን የሚችሉትን የአገር ዝርያዎች ማቆየት ይመከራል።

ከተረጨ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕያው መዥገር ከታየ፣ መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ፣ ጭራ ሥርና ጡት አካባቢ መድኃኒቱ መድረሱን ማጣራት ይገባል። ደርሶ ከሆነ፣ ደም የጠገቡ መዥገሮችን አየር በሚያስገባ ዕቃ ለእንስሳት ሐኪም መውሰድ ይቻላል። ላቦራቶሪው ከእንቁላላቸው የሚፈለፈሉትን እጮች መድኃኒት በተነከረ ወረቀት ውስጥ ያስቀምጥና ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትንና የተረፉትን ይቆጥራል።